ሙሉ ቁጥሩን ንገሩኝ

ሠርግ የሚቀርጽ አንድ የኮምቦልቻ ወጣት አዲስ ያስገጣጠመውን ዴስክቶፕ በአባዱላ አስጭኖ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ አመጣልኝ። ገና ከማስቀመጡ «ጋሼ፣ በ62 ሺህ ነው የገዛሁት፤ ተበልቻለሁ እንዴ?» አለኝ። የሻጩንም ወረቀት ሰጠኝ። «ኮር አይ7፣ ራም 16፣ ሃርድ 1 ቴራ፣ ቪጂኤ 4 ጊጋ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ለምን እንደሚጎተት ሻጩን ደውሎ ሲጠይቀው «አብሽር፣ አይ ሰቨን እኮ ነው!» ተብሏል።

የሠርጉን ፋይል ከፈትንበት። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ምስሉ ቆመ፤ እልልታውና ጭብጨባው ግን ቀጠለ። ምስሉ ተመልሶ ሲመጣ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ኬዙን ፈታሁ፣ ፋኑን አነሳሁ፣ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ስጠርገው ብረቱ ላይ የተጻፈው ወጣ፤ አይ7-2600። ኢንቴል ይህን ፕሮሰሰር ገበያ ላይ ያዋለው በ2003 ዓ.ም. ነው። ማዘርቦርዱ አዲስ ነው፤ ለአሮጌ ፕሮሰሰር ተብሎ ቻይና ውስጥ የሚሠራ፣ ስም ያልተጻፈበት ዓይነት። ቪጂኤው ጂቲ 730 ነው። ለዚህ ዕቃ 62 ሺህ ብር ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ፤ ሳልደብቅ ነገርኩት።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሻጩ አለመዋሸቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር እውነት ነው። አይ7 ነው፣ ራሙም 16 ጊጋ ነው፣ ዲስኩም 1 ቴራ ነው። ልጁ የተነገረውን ሁሉ በትክክል ገዝቷል። ያስበላው ያልተነገረው ቁጥር ነው።

በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ይህን ጥያቄ ሰምተን ጠግበናል፤ «ኮር ስንት ነው?» 3 ከሆነ ርካሽ፣ 5 ከሆነ መካከለኛ፣ 7 ከሆነ ውድ። ፒያሳ ያለ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀውም፣ የመሥሪያ ቤት ግዥ ኮሚቴውም፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጁ የሚገዛው አባትም የሚለካው በዚሁ ሚዛን ነው። ሚዛኑ የሚሠራው ግን በአንድ ትውልድ ምርት ውስጥ ብቻ ነው፤ የዚያ ዓመት አይ7 ከዚያው ዓመት አይ3 ይበልጣል። ዓመቱ ሲለያይ ሚዛኑ ይፈርሳል። መኪና ሲገዛ «ቶዮታ ነው» ተብሎ ብቻ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ደሴ ውስጥ አላውቅም፤ ሞዴሉን ይጠይቃል፣ የተሠራበትን ዓመት ይጠይቃል፣ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ይኸው ሰው በአንዲት አኃዝ ይረካል።

ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አይ7-2600 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አይ3-12100ም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በመጀመሪያ ሲወጡ የኢንቴል ዋጋ ለፊተኛው 294 ዶላር፣ ለኋለኛው 122 ዶላር ነበር። ነገር ግን አንድ ኮር ብቻ አሠርተን ስንለካ «ትንሹ» አይ3 «ትልቁን» አይ7 ሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፤ የሚፈልገው ኃይልም ያንሳል፣ 95 ዋት ለአንዱ፣ 60 ዋት ለሌላው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ይህን ሁሉ የሚናገረው። 2600 ሲል ሁለተኛ ትውልድ፣ 12100 ሲል አሥራ ሁለተኛ። ይህን ቁጥር ሳልሰማ ዋጋው ተገቢ ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም፤ ማንም ባለሙያ አይችልም።

ለቪዲዮ ሥራ ደግሞ ልዩነቱ ከፍጥነትም ያልፋል። የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች ብዙዎቹ የሚቀርጹት ኤች 265 በሚባለው አሠራር ነው፤ ፋይሉን በጣም ያሳንሰዋል፣ ለመክፈት ግን ከባድ ነው። አሥራ ሁለተኛው ትውልድ ይህን ሥራ የሚሠራ ራሱን የቻለ ክፍል ውስጡ አለው። 2600 ሲሠራ ኤች 265 የሚባል ነገር ገና ስላልነበረ ሁሉንም በጉልበቱ ነው የሚታገለው። ሙሽራዋ በር ላይ የቀረችው ለዚህ ነው። ራሙን 32 ብናደርገውም አትወጣም።

ቪጂኤ ላይም ያው በሽታ ነው፤ «ስንት ጊጋ ነው?» ይባላል። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ አለ፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም 4 ጊጋ ነው። በብዛት የሚገኘው ባለ ዲዲአር3 ጂቲ 730 በሰከንድ 14 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል፤ 1050 ቲአይ 112። የጊጋው ብዛት የመጋዘኑን ስፋት እንጂ የካርዱን ጉልበት አይናገርም። ከዚህ የከፋም አለ። አሮጌ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ ስሙ 1050 ቲአይ ተብሎ ይመጣል፤ ዊንዶውስም በተቀየረው ስም ይጠራዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለውን የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ መሠራት ያለበት ነገር ነው፤ የሚከለክል ሻጭ ካለ ዕቃውን እዚያው ትቶ መውጣት ነው።

አሮጌ ዕቃ አይሸጥ እያልኩ አይደለም፤ እኔም እሸጣለሁ። አይ7-2600 ኤስኤስዲ ሲገባበት ለጽሕፈትና ለኮፒ ቤት፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እስካሁን ደኅና ዕቃ ነው። ዋጋው ግን የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ይሁን፤ ገዢውም እያወቀ ይግዛ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ለ2600 ምን ያህል እንደሚከፍል ራሱ ይወስናል። የሸማቹ አዋጅ 813/2006ም ቢሆን ገዢ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ኮር አይ7» ብቻ ብሎ መጻፍ በቂ መረጃ ነው ብዬ አላምንም።

የዶላሩን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ዓረብ አገር ያለች እህት ዋጋውን በስልክ አይታ ትነግራለች፤ ቤተሰቡ በዕለቱ ምንዛሪ ያባዛል፤ ከዚያ የደሴው ሻጭ ሌባ ይባላል። ማጓጓዣ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ አለ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ቢኖራትም እኛ ዘንድ የሚደርሰው የኮምፒውተር ዕቃ አብዛኛው በመርካቶ ዞሮ የሚመጣ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያለው ዕቃ ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከ2018 መጀመሪያ ወዲህም የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ በእጅጉ ወጥቷል፤ አምራቾቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት መሸጡን መርጠዋል፣ ማይክሮንም ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ሸማች መሸጡን እንደሚያቆም በኅዳር 2018 አስታውቋል። ስለዚህ አዲስ ራም የዘንድሮ ዋጋው ከአምና ጋር ባይመሳሰል ሻጩን አልወቅስም። አሥር ዓመት ሌላ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራ ከርሞ የመጣን ፕሮሰሰር «ዶላር ጨመረ» እያሉ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ግን አያሳምነኝም።

ወረቀት ላይ ጨርሶ የማይጻፈው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ እኔ ግን የአንድን ገጣጣሚ ሐቀኝነት የምለካው በሱ ነው። ከርካሽ ኬዝ ጋር አብሮ የሚመጣው ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለውን ትንሹን ሠንጠረዥ ማንበብ ነው። +12 ቮልት ከሚለው አጠገብ 16 አምፔር ካለ 16 በ12 ማባዛት ነው፤ 192 ዋት። ፕሮሰሰሩም ቪጂኤውም የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው፤ 500 የተባለው ለነሱ የለም። እንዲህ ያለውን አንስቶ በእጅ መመዘን ብቻ ይበቃል፣ ቅልል ይላል፤ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ቦታ ይበዛዋል። መብራት በየቀኑ በሚሄድበትና ሲመለስ እየዘለለ በሚመጣበት አገር ይህ ዕቃ ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ዲስኩንም። በዲስክ ውስጥ ደግሞ ገና ያልተረከበ የሰው ሠርግ አለ። ደኅናውን ፓወር ሰፕላይ ያስገባ ገጣጣሚ ዋጋው የግድ ከፍ ይላል፤ ደንበኛውም «እዚያ ማዶ አይ ሰቨኑ ካንተ በስምንት ሺህ ይረክሳል» ብሎት ይሄዳል። ደንበኛው የማይጠይቀው ዕቃ ላይ ነው ዋጋ የሚቆረጠው።

ዲስክም እንዲሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ሲከፈት ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታያል። አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ቢሠራ 8,760 ሰዓት ነው፤ 40,000 ሰዓት የሚያሳይ ዲስክ አራት ዓመት ተኩል ሳይጠፋ ዞሯል ማለት ነው። «1 ቴራ» የሚለው ጽሑፍ ይህን አይናገርም።

ግለሰቡ ባያውቅ ይገባኛል፤ ኮምፒውተር የሚገዛው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። የማይገባኝ በየዓመቱ የሚገዙት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በወረራ ሥር ሲቆዩ ብዙ ቢሮ ኮምፒውተሩ ተዘርፎ ወይም ተሰብሮ ጠበቀው፤ እንደገና ማሟላት ከባድ ወጪ ነበር፣ ነውም። እንዲህ በተጎዳ ከተማ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ዕቃ ሆኖ መምጣት አለበት። ፕሮፎርማው ግን አሁንም «ኮር አይ7 እና ከዚያ በላይ» ይላል። ትውልድ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ፓወር ሰፕላይ የለም። ራይዘን የሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ስማቸው አይ ስለሌለው ብቻ ከበር ይመለሳሉ። ኢንቴል ራሱ በአዳዲሶቹ የኮር አልትራ ምርቶቹ ላይ «አይ» የምትለዋን ፊደል ትቷታል፤ እኛ ዘንድ ግን መስፈርቷ ያቺው ናት።

አንድ ባልደረባዬ ለእንዲህ ያለ ጨረታ አይ5-12400 አቀረበ። ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድ፣ አዲስ ማዘርቦርድ፣ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከነሙሉ ቁጥሩና ከነሴሪያሉ ጽፎ፣ የአንድ ዓመት ዋስትናም ጨምሮ። ዋጋውም ካሸነፈው ብዙም አይርቅም ነበር። ኮሚቴው «ፕሮሰሰሩ ከተጠየቀው በታች ነው» ብሎ ጣለው። ያሸነፈው አይ7-6700 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የማይቀበለው። ባልደረባዬ የሁለቱን ንጽጽር አትሞ ቅሬታ አስገባ። የተሰጠው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ መስፈርቱ አይ7 ይላል፣ ያቀረቡት አይ5 ነው።