ድፍን እግር ያለው ፊደል፦ ከለንደን እስከ ኮባር

ወፍራም፣ ጥቁር፣ እግሩ እንደ ጡብ ድፍን የሆነው የላቲን ፊደል ዛሬም በሳዑዲዋ ኮባር ውስጥ በርገር ቤትና ቡና ቤት ታፔላ ላይ ይታያል። የሚመረጠው ድሮን ለማስታወስ ነው፤ ድሮው ግን የኮባር አይደለም።

ፊደሉ የለንደን ልጅ ነው። ቪንሰንት ፊጊንስ እ.ኤ.አ. በ1815 ዓ.ም. አካባቢ በናሙና መጽሐፉ አወጣው። የግድግዳ ማስታወቂያ የበዛበት ዘመን ነበርና የመጽሐፍ ፊደል ከሩቅ አልነበብ አለ። በ1827 አሜሪካዊው ዳሪየስ ዌልስ ትልልቅ ፊደላትን ከእንጨት በብዛት ማምረት ጀመረ፤ የእርሳስ ፊደል ለዚያ መጠን ከባድም ውድም ነበር። በ1845 ክላረንደን የተባለው የሮበርት በስሊ ፊደል መጣ። ሰርከሱም ቲያትሩም በነዚህ ፊደላት ታወጀ።

ወደ ኮባር አካባቢ ስንመለስ፣ በማርች 1938 ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ አፈለቀ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ሮበርት ሃርሊንግ ፕሌይቢል የተባለውን ፊደል ነደፈ፤ ከወገቡ ቀጭን፣ ከራሱና ከእግሩ ወፍራም። ግጥምጥሞሽ ነው። ነዳጁ ተጨማሪ አሜሪካኖችን ከኮባር አጠገብ ወዳለችው ዳህራን አመጣ፤ ፕሌይቢል ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር አብሮ ተጭኖ በየኮምፒውተሩ ገባ። የዛሬው «የድሮ ታፔላ» ብዙ ጊዜ ከዚያ የፎንት ዝርዝር የተመረጠ ቢሆን አይገርመኝም።

ችግሩ ከላቲኑ ጎን ዓረብኛው ሲጻፍ ይመጣል። አሊፍ እግሩን ወደ ግራ ብትዘረጋለት ላም ይሆናል። ስለዚህ የዓረብኛ ፊደል ነዳፊ ድፍኑን እግር ትቶ ኩፊ ወደሚባለው ጥንታዊ የዓረብኛ አጻጻፍ ይሄዳል፤ ክብደቱንም ማዕዘኑንም እዚያ ያገኛል። የራሱ ድሮ አለው። ሳዑዲ 2020ን የዓረብኛ የቁም ጽሕፈት ዓመት ብላ ሰየመች፤ በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ ጥበቡን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

የኛ ፊደል ከዓረብኛውም ይብሳል። «በርገር» ብለህ ጻፍና ለ«በ» ቀኝ እግርና ለ«ገ» እግር ወደ ቀኝ የወጣ ድፍን ጫማ አልብስ፦ «ቢርጊር» ሆኖ ያርፋል። በላቲን ጌጥ የሆነው ጭረት በፊደላችን አናባቢ ነው። እግሩ ይቅር፣ ራሱን ላስጊጥ ካልክ ደግሞ «ሰ» «ሸ»ን፣ «ነ» «ኘ»ን፣ «ደ» «ጀ»ን ይመስላል። እላይም እታችም ቦታው ተይዟል።

የኛ ታፔላ ጻፊዎች ይህን ሳይማሩት ያውቁት ነበር። ፊደሉን አወፍረው፣ እግሩን ቀጥ አድርገው ቆርጠው፣ ጌጡን ወደ ጥላ ያዛውሩት ነበር፦ ቢጫ ፊደል፣ በቀኝና በሥሩ ቀይ ወይም ጥቁር ጥላ። ጥላ አናባቢ አይለውጥም። ሆዱ ውስጥ ቀጭን ነጭ መስመር መሳብም ይቻላል። ዛሬ ለደማም ወይም ለኮባር ኢትዮጵያውያን የአዲስ ዓመት ዝግጅት ፖስተር የሚሠራ ልጅ ላቲኑን በፕሌይቢል ቢጽፍ ቅር አይለኝም፤ አማርኛውን ግን ላቲኑን እንዲመስል እግር እየቀጠለ ባያስጨንቀው፣ ወፍራም ፊደል ላይ ጥላ ቢጥልበት ይሻላል።