የሐበሻ ተርብና የቤተ ሙከራ ተርብ

አዳማ ገበያ ዶሮ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሐበሻ ናት የፈረንጅ?» ብሎ ነው፡፡ የፈረንጇ ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ግን ጭራ ታድራለች፣ ከጭልፊትም ታመልጣለች፡፡ ይኸው ጥያቄ ለዓይን እንኳን በምታስቸግር ትንሽ ተርብ ላይም ይነሳል፡፡

ነገሩ የበቆሎ ገበሬን ኪስ ይነካል፡፡ የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን ገባ፡፡ በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች በአዳማ አቅራቢያ ከሚገኘው አዋሽ መልካሳ፣ ከሐዋሳና ከጅማ ማሳዎች ትሎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ኮቴዢያ አይሲፔ የተባለች ጥገኛ ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን አጥቅታ ተገኘች፡፡ ተርቧ እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ልጅ ትሉን ከውስጥ እየበላ ይገድለዋል፡፡ ማንም አላራባትም፤ ማንም አልከፈለባትም፡፡

«ታዲያ በቤተ ሙከራ አራብቶ በብዛት መልቀቅ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም፡፡ በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ተርቦችን አራብቶ መሸጥ የቆየ ንግድ ነው፡፡ ችግሩ ሸቀጡ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው፡፡ ሙቀቱ በተለካ ክፍል፣ ትል ከፊቷ እየቀረበላት የምትኖር ተርብ፣ ትውልድ በተተካ ቁጥር ለዚያው ኑሮ የተመቸች ትሆናለች፡፡ ሳጥን ውስጥ እንቁላል በመጣል የዱሯን ልትበልጥ ትችላለች፡፡ ማሳ ላይ ስትለቀቅ ግን በነፋስ መብረርና የተበላ ቅጠል ሽታ ተከትላ ትሉን መፈለግ ሊያቅታት ይችላል፡፡

ሌላም አለ፡፡ ከእነዚህ ተርቦች ካልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ ከዳበረው ሴት ይወለዳል፤ ትሉን የምታጠቃው ደግሞ ሴቷ ብቻ ናት፡፡ ዘመድ ከዘመድ ሲራባ በአንዳንድ ዝርያዎች ሴት መሆን የነበረበት እንቁላል ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፡፡ ስለዚህ በቁጥር ብቻ የገዛ ሰው ለማይሠራ ተርብ ሊከፍል ይችላል፡፡ ዓለም አቀፍ የጥራት መመሪያዎችም ከብዛቱ ሌላ የሴቶቹን ድርሻ፣ የሚጥሉትን እንቁላልና የመብረር ችሎታቸውን የሚያስመረምሩት ለዚህ ነው፡፡

ይህ ሲባል በሰው እጅ የተራባች ሁሉ አትረባም ማለት አይደለም፡፡ ኮቴዢያ ፍላቪፔስ የተባለችው ተርብ ከፓኪስታን መጥታ ኬንያ ውስጥ ከተራባች በኋላ፣ የአገዳ ቆርቁርን እንድታጠቃ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚያች አገር የባሕር ጠረፍ ተለቀቀች፡፡ ኋላ ላይ ማንም ባልለቀቀባት ኢትዮጵያ፣ በምሥራቁ ክፍል ተገኝታለች፡፡ ከሳጥን ወጥታ የዱር ሆነች ማለት ነው፡፡

አራቢዎችም ዘሩ እንዳይደክም ከዱር የተያዙ ተርቦችን በየጊዜው ይቀላቅላሉ፡፡ እንግዲህ የፋብሪካው መነሻ ካፒታል ያለው ማሳው ላይ ነው፡፡ የዱሯ ተርብ ብቻዋን ተምቹን አትጨርስም፤ ሆኖም ኬሚካል በዘፈቀደ ሲረጭ ከትሉ ጋር እሷም ትሞታለች፡፡ ገበሬው የኬሚካሉንና የጉልበቱን ወጪ ሲደምር፣ በነፃ ስትሠራለት የነበረችውን ሠራተኛ ኪሳራም አብሮ ቢያስብ ሒሳቡ ይሟላል፡፡