የኒውክሌር ጣቢያ ጥፋት እንዴት ይታረማል?

በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ጥሰት ተፈጸመ ሲባል አደጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ፓምፕ በተወሰነለት ጊዜ ሳይፈተሽ ሲቀር፣ ጥበቃ በተረኝነቱ ሰዓት እንቅልፍ ሲወስደው፣ ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ተብሎ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ጣቢያው ፈቃድ ሲወስድ የገባውን ግዴታ ጥሷል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥፋት ማንንም ሳይጎዳ ያልፋል። ተቆጣጣሪዎች ግን ሰው አለመጎዳቱን እንደ መከላከያ አይቀበሉትም። ሪአክተር የሚሠራው አንዱ መከላከያ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ ተደርጎ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጥሰት ከመከላከያዎቹ አንዱን ማንም ሳያየው ያነሳል።

ጥሰቱ ሁለት ወገን አለው። የደኅንነት ጥሰት የሚባለው መሣሪያው ወይም ሠራተኛው ሳይታሰብ ጉዳት እንዲያደርስ በር የሚከፍተው ነው፤ የጥበቃ ጥሰት ደግሞ ሆን ብሎ ለመስረቅ ወይም ለማበላሸት ለሚመጣ ሰው መንገድ የሚተወው።

ጥፋት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጣቢያው በዚህ ሁኔታ ሥራውን መቀጠል ይችላል ወይስ ይቁም የሚለው ነው። ቀጥሎ የጥፋቱ ክብደት ይመዘናል። በአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አሠራር ግኝቱ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ባሉ አራት ቀለሞች ይፈረጃል፤ ቀለሙ ከከበደ የሚላከው የመርማሪ ቁጥርም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመንስኤ ፍለጋ ነው፤ ከሁሉም አስቸጋሪው ይኸኛው ነው። «ሠራተኛው ተሳስቶ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። የተበላሸውን ዕቃ መቀየርም የሳምንታት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ብልሽቱን ቀድሞ ያየው ማን ነበር፣ ለማንስ ተናገረ፣ ለምንስ ሰሚ አጣ የሚለው ካልተመለሰ ግን ያው ጥፋት በሌላ ክፍል ተመልሶ ይመጣል።

በኦሃዮ ግዛት፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የዴቪስ ቤሲ ጣቢያ ታሪክ ይህን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። በዚህ ጣቢያ ባለው ዓይነት ሪአክተር ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ ቦሪክ አሲድ ተቀላቅሎበታል፤ የኒውክሌር ምላሹን ለመቆጣጠር ይረዳል። አሲዱ ደካማ ቢሆንም በጋለ ተራ ብረት ላይ ሲጠራቀም ይበላዋል። በጣቢያው የሪአክተር ክዳን ላይ ከተተከሉት ቱቦዎች አንዱ ተሰንጥቆ ውኃው ለዓመታት ይንጠባጠብ ነበር። ምልክቱም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጣቢያው ለነዳጅ ቅየራ በቆመበት ወቅት የተነሳ ፎቶግራፍ ከክዳኑ ቀዳዳዎች የዛገ ቀይ አሲድ ሲወርድ ያሳያል። በሕንጻው ውስጥ ያለው የጨረር መቆጣጠሪያ መሣሪያ የአየር ማጣሪያም በዝገት ብናኝ እየተደፈነ ሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩት ነበር። ማጣሪያው ተቀየረ፤ ዝገቱ ከየት እንደመጣ ግን እስከ ምንጩ የተከተለው አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ጣቢያው ቆሞ እንዲፈተሽ ፈልጎ ነበር። ባለቤቱ ጊዜ ጠየቀ፤ እስከ የካቲት 2002 አጋማሽ ተፈቀደለት። በመጋቢት ወር ቱቦውን የሚጠግነው መሣሪያ ድንገት ዘንበል አለ፤ ቱቦው የሚደገፍበት ብረት አልነበረም። ክዳኑ ሲጸዳ አነስተኛ ቅል የሚያህል ጉድጓድ ተገኘ። ከ16 ሳንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለው ብረት ተበልቶ አልቆ፣ 150 ከባቢ አየር የሚጠጋውን ግፊት ይዞ የቀረው አንድ ሳንቲሜትር እንኳ የማይሞላ የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ነበር። ያ ሽፋን ቢፈነዳ ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣ ነበር።

ክዳኑን መተካቱ ከሁሉም ቀሎ ተገኘ፤ ሚሺጋን ውስጥ ሥራው ተጀምሮ ካልተጠናቀቀ ጣቢያ ሌላ ክዳን ተገዝቶ መጣ። ያም ሆኖ ጣቢያው ለሁለት ዓመት ያህል ቆሟል። «ይህ ካመለጠ ሌላስ ምን አመለጠ?» የሚለው ጥያቄ መላ ጣቢያውን አስፈተሸ፤ በአደጋ ጊዜ ውኃ የሚገፉት ፓምፖችም እርማት እንደሚያሻቸው ታወቀ። ኃላፊዎች ተቀየሩ። ሠራተኞች ስጋታቸውን ሳይፈሩ መናገር መቻላቸውም ተጠና። ተቆጣጣሪው ልዩ ቡድን አቋቁሞ ሂደቱን በሕዝብ ፊት ተከታተለ። ጣቢያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ነው። ባለቤቱ በ2005 የ5.45 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወሰነበት፤ በ2006 ደግሞ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ባደረገው ስምምነት 28 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኮሚሽኑ ዋና ኢንስፔክተር ተቆጣጣሪውንም አልማረም፤ ፍተሻው እንዲዘገይ የተፈቀደው በከፊል ለባለቤቱ ወጪ ታስቦ መሆኑን አጋልጧል። መርማሪው ራሱ መመርመሩ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው።

የጥበቃ ጥሰት ሌላ ጠባይ አለው። የደኅንነት ጉድለት በይፋ ይወጣል፤ የጥበቃ ጉድለት ዝርዝር ግን እስኪደፈን ድረስ በምሥጢር ይያዛል፤ ክፍተቱን ማወቅ ለወራሪ ካርታ መስጠት ነውና። ምሥጢሩ ታዲያ ለቸልተኝነትም መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በፔንሲልቬኒያው ፒች ቦተም ጣቢያ ጥበቃዎች በሥራ ሰዓት እንደሚተኙ የሚገልጽ ደብዳቤ ለተቆጣጣሪው ደረሰ። ተቆጣጣሪው ጉዳዩን ለጣቢያው ባለቤት መራው፤ ባለቤቱም ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በመስከረም ግን አንድ ጥበቃ ባልደረቦቹ ወንበር ላይ ተኝተው የቀረጸው ቪዲዮ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ደረሰ። ባለቤቱ ከጥበቃ ኩባንያው ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ ሥራውን በራሱ ሠራተኞች አደረገ፤ ተቆጣጣሪውም ጥቆማ የሚያስተናግድበትን መንገድ ፈተሸ።

ኢትዮጵያ ሪአክተር ባይኖራትም ጨረር ግን አላት። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና በኮባልት 60 ሲጠቀም ኖሯል፤ ቃሊቲ የሚገኘው ማዕከልም የቆላ ዝንብን ለማምከን ጨረር ይጠቀማል። ከፃግብጂ ወረዳ ቀበሌዎች መጥቶ እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ ራጅ የሚነሳ ሰው የሚገባበት ክፍልም ከዚሁ ቁጥጥር ውጭ አይደለም። የራጅ ባለሙያ ደረቱ ላይ ትንሽ የጨረር መለኪያ ያንጠለጥላል፤ መለኪያዋ በየጊዜው ተሰብስባ ትነበባለች። ንባቡ ከወትሮው ከፍ ካለ መለኪያዋን መቀየር መልስ አይሆንም፤ በሩ እየተዘጋ ነው ወይ፣ ግድግዳው ጨረሩን ይይዛል ወይ፣ ባለሙያው ከመከላከያው ጀርባ ይቆማል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በዴቪስ ቤሲ የተዘለለው ጥያቄ ይህ ነበር።

ሕጉም ከሪአክተሩ ቀድሞ ወጥቷል። የመጀመሪያው የጨረር መከላከያ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1993 ታወጀ፤ በኋላ የመጣው የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ዓ.ም. የኒውክሌር ጉዳይንም አካቷል። የቁጥጥሩ ሥራ ዛሬ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ድርሻ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ኮርፖሬሽን ሮሳቶም ለኃይል ማመንጫ ግንባታ የሚያበቃ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። በአሁኑ ሰዓት በአፍሪካ ኃይል እያመነጨ ያለው ጣቢያ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ብቻ ሲሆን፣ የግብፁ ኤል ዳባ ገና በግንባታ ላይ ነው።

ጣቢያ ከታሰበ መርማሪውም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የአሜሪካው ኮሚሽን በየጣቢያው ቢያንስ ሁለት ነዋሪ ተቆጣጣሪዎች ይመድባል፤ አንዱም በአንድ ጣቢያ ከሰባት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ዝምድናው ዓይኑን እንዳይጋርደው ነው። ለራጅ ክፍልና ለኮባልት ምንጭ የሠለጠነ ባለሙያ ሪአክተር ለመመርመር የዓመታት ተጨማሪ ሥልጠና ያሻዋል፤ ሥልጠናውም ሆነ መብራት በሚጠበቅበት ሰዓት ጣቢያውን ማስቆም የሚችልበት ሥልጣን የሚዘጋጀው መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ነው።