ለንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅና ጉብኝት ስለሚደረግ ዝግጅት

የእህል ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ በጆንያው አፍ ላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከታች ይዘግናል፤ በመዳፉ ላይ በትኖ እፍ ብሎ ካየ በኋላ ዋጋ ይቆርጣል። የላይኛው ንጹሕ ሆኖ የታችኛው አፈር የተቀላቀለበት ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። በንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ የሚሰጡ አያሌ ትምህርት ቤቶችም አመልካቹን በቃለ መጠይቅ የሚመረምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የፈተናው ውጤትና የምስክር ወረቀቱ የጆንያው አፍ ናቸው፤ ቃለ መጠይቁ ግን ከታች የሚዘገነው ነው። አመልካቹም በበኩሉ ትምህርት ቤቱን ሳይመረምር ገንዘቡን እንዳይከፍል ጉብኝት ይጠቅመዋል።

ልጃቸውን ወደዚህ ትምህርት ለመላክ የሚያስቡ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ነጋዴዎች ጉዳዩን ቀላል አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ትምህርት ቤት የሚላክ እያንዳንዱ ማመልከቻ ለቤተሰቡ የሚያስከትለው ወጪ በዚያው መጠን ከፍ ብሏል። በዝግጅት ጉድለት የወደቀ አመልካች ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዓመትም ያጣል።

በአገር ውስጥና በውጭ አገር ያለው ልዩነት

በአገራችን የንግድ ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ያስተምራል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የንግድና የምጣኔ ሀብት ትምህርት በደጃችን ሊገኝ ችሏል። በአገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ዋናው በር የመግቢያ ፈተናው ነው። ቃለ መጠይቅ መኖር አለመኖሩን አመልካቹ ከሚገባበት የትምህርት ክፍልና ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

በውጭ አገር ግን አሠራሩ የተለየ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ጂማት የተባለውን ፈተና ይቀበላሉ። ይህ ፈተና 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ይደርሳል፤ ውጤቱም ለ5 ዓመት ይጸናል። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ነጥብ ብቻውን አያስገባም። በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ራሱ የመረጣቸውን አመልካቾች ብቻ ነው፤ ጠያቂውም የአመልካቹን ማመልከቻ አንብቦ ይቀርብና 30 ደቂቃ ያህል ይጠይቀዋል። በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ኢንሲያድ ደግሞ አመልካቹን የሚያስጠይቀው በቀድሞ ተማሪዎቹ ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው ዋርተን አምስት ወይም ስድስት አመልካቾችን ሰብስቦ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲመክሩ ይመለከታል። እንግዲህ አንዱ ትምህርት ቤት የአመልካቹን ጥልቀት፣ ሌላው ከሰው ጋር ያለውን አብሮ የመሥራት ጠባይ ስለሚመዝን፣ አመልካቹ የሚጠብቀውን የጥያቄ ዓይነት ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት

አብዛኛውን ጊዜ አመልካቾች መልስ በቃላቸው ይዘው ይቀርባሉ። ልምድ ያለው ጠያቂ ግን የተጠናውን መልስ በሁለተኛው ጥያቄ ያፈርሰዋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ ነገሩ የሚታወቀው ጥያቄው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት አመልካቹ የራሱን ሥራ በቁጥር ማወቁ ነው። የነጋዴ ልጅ በዚህ ረገድ ታላቅ ሀብት አለው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሀብቱን አያውቀውም።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ወጣት በአባቱ መጋዘን ሠርቻለሁ ቢል ጠያቂው ስለ አንድ ጭነት እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል እንበል። 100 ኩንታል ጤፍ በኩንታል 10,000 ብር ሒሳብ በ1,000,000 ብር ተገዛ። ለመኪና ኪራይ 40,000 ብር፣ ለጆንያና ለጫኝና አውራጅ 15,000 ብር ወጣ። ጤፉ በኩንታል 10,900 ብር ቢሸጥ ገቢው 1,090,000 ብር፣ ትርፉም 35,000 ብር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊያሰላው ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ የተበደሩት ቢሆንና ጤፉ ሳይሸጥ 40 ቀን ቢቆይ፣ ወለዱ ብቻ 20,800 ብር ያህል ስለሚሆን የሚተርፈው ከ14,000 ብር ጥቂት ከፍ ይላል። በ10 ቀን ቢሸጥ ግን ወለዱ ወደ 5,200 ብር ይወርዳል። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል የቀረበ ነው። ጊዜ ራሱ ወጪ መሆኑን እንዲህ በራሱ መጋዘን ምሳሌ ማስረዳት የሚችል ወጣት ከመጽሐፍ የተጠቀሰ ቃል አያስፈልገውም።

«ከትምህርቱ በኋላ ምን ልትሠራ ታስባለህ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ከአገሩ ሁኔታ ሊመለስ ይገባዋል። በቡሬና በደብረ ማርቆስ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል፤ አካባቢውም ኑግ ያመርታል። የገበሬውን ምርት በጥራትና በጊዜው ለፋብሪካ እንዴት ማድረስ እንደሚቻል ያሰበ አመልካች «ትልቅ ድርጅት ላቋቁም እሻለሁ» ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ስለ ደረሰ ኪሳራ ቢጠየቅም ኪሳራውን መሸሸግ አይገባውም፤ ምን እንደ ጠፋ፣ ለምን እንደ ጠፋና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተለወጠ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃዋል።

ስለ ትሕትናና ስለ አነጋገር

በጎጃም ልጅ በታላላቆች ፊት ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ እንዲናገር፣ የሠራውንም መልካም ሥራ «እኔ» ሳይል «እኛ» ወይም «አባቴ» እያለ እንዲያወሳ ሆኖ ያድጋል። ይህ የተመሰገነ ጨዋነት ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ጠያቂ ባህሉን ስለማያውቅ ዝምታውን እንደ አለማወቅ፣ «እኛ» ማለቱንም ምንም እንዳልሠራ ሊቆጥረው ይችላል። መፍትሔው ትዕቢት ሳይሆን ዝርዝር ነው። «የመጋዘኑን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ያዛወርሁት እኔ ነኝ፤ ሥራው ሁለት ወር ፈጅቷል» ማለት ጉራ አይደለም፤ ሒሳብ ማስረከብ ነው። በአማርኛ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ «እርስዎ» ማለትና ሳይፈቀድ አለመቀመጥ ተገቢ ነው። በእንግሊዝኛ በሚሆን ጊዜ ደግሞ ጠያቂውን ቀና ብሎ እያዩ አሳጥሮ መናገር ያስፈልጋል። ይህም በአንድ ቀን የሚለመድ ስላልሆነ፣ ከወር አስቀድሞ ከመምህር ወይም ከዘመድ ጋር ጮክ ብሎ መለማመድ ይገባል።

ስለ ሰዓት፣ ስለ ስምና ስለ መስመር

ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት የሚደረግ ከሆነ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል። በቦስተን ከጠዋቱ 10 ሰዓት ቢባል፣ በእነርሱ ክረምት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በእነርሱ በጋ ግን ሰዓታቸውን ወደ ፊት ስለሚያዞሩ 11 ሰዓት ይሆናል። ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል። እንደዚሁም በፓስፖርት፣ በዲግሪና በፈተና ምዝገባ ላይ ያለው ስም በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መጻፉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር፣ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ እንደ ነበር አይዘነጋም። ስለዚህ አመልካቹ የሚያስተማምን መስመር ያለበትን ሁለተኛ ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ችግር ሊደርስ እንደሚችልም ለትምህርት ቤቱ ከቀጠሮው በፊት መጻፍ ይገባዋል። ከቀጠሮ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ማመካኛ ይመስላል።

ስለ ግቢ ጉብኝት

ትምህርት ቤትን አይቶ መምረጥ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከዚያም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወረ የየመምህሩን ቅኔ ይሰማ፣ የደቀ መዛሙርቱንም ኑሮ ይመለከት ነበር፤ የሚቀመጠውም ልቡ ካረፈበት ቦታ ነው። የዛሬው ተማሪም ከሕንፃው ውበት ይልቅ ትምህርቱን ሊመረምር ይገባዋል።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይንም በረሃ መሻገር ግድ ይላል። ስለዚህ ጎብኚው በሥራ ቀንና ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ለመድረስ ማቀድ አለበት፤ ባዶ ክፍል ያየ ትምህርት ቤት አየ አይባልም። ከተፈቀደለት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ይስማ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ይመልከት፤ ከሁሉም በላይ አሁን በመማር ላይ ያሉትን ተማሪዎች ለብቻቸው ያነጋግር። መምህራኑ በሰዓቱ ይገኛሉ ወይ? የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ በጊዜው ይመደባል ወይ? ማታ የሚማሩ ሠራተኞች በተባለው ዓመት ይጨርሳሉ ወይ? ከማስታወቂያ ወረቀት ላይ የማይገኘው መልስ ከእነርሱ ይገኛል።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ መጎብኘት ግን የቪዛና የጉዞ ወጪ ስላለበት ለብዙዎች አይቻልም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይህን ስለሚያውቁ ጉብኝትን የመግቢያ ግዴታ አያደርጉትም፤ በኢንተርኔት የሚደረግ ጉብኝትና ገለጻም ያዘጋጃሉ። ስለዚህ ለጉብኝት ብቻ ብሎ መበደር የሚመከር አይደለም።

የወላጆች ድርሻ

በመጨረሻም፣ ወላጅ ለልጁ ሊያደርግለት የሚችለው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የሒሳብ መዝገቡን ከፍቶ ማሳየት ነው። ልጁ ስለ ቤተሰቡ ንግድ ተጠይቆ ካፒታሉን፣ ዕዳውንና የዓመቱን ሽያጭ የማያውቅ ከሆነ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። መዝገቡን በቁልፍ ዘግቶ የክፍያውን ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ አባት፣ ልጁን ወደ ገበያ ያለ ሚዛን እንደ ላከ ይቆጠራል። በጉብኝቱም ቀን ለልጁ ፈንታ መልስ ከመስጠት መታቀብ ይገባዋል፤ የሚማረው ልጁ ነውና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ቃል ለተማሪው ብቻ ሳይሆን፣ ከዲግሪው በፊት ሥራውን ለልጁ ማስተማር ለሚገባው ነጋዴም የተነገረ ነው።