እንግዳ ሲሰነብት

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ወርኃ ጽጌ ብላ የምታከብረው፣ እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ ለማሰብ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካህናቱ በማኅሌት ያነጋሉ፤ ብዙዎች ምእመናንም በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ በኅዳር 6 ቀንም የቍስቋም በዓል ይከበራል። እንግዲህ በዓመት 40 ቀን ስደትን የሚያስብ ሕዝብ፣ በቀረው ጊዜ ስደተኛውን እንዴት ይዞት ይኖራል? ይህን መጠየቅ የሚገባ ይመስለናል።

የሩቁን ትተን የቅርቡን እንመልከት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በነሐሴ ወደ ደቡብ ጎንደር ደረሰ። ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ በከተማይቱ ሴቶች ላይ የተፈጸመውንም ግፍ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት መርማሪዎች በኋላ መዝግበውታል። የጋይንት ሰው ልጁን አዝሎ፣ ያገኘውን በአህያ ጭኖ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ በጉና ተራራ ሥር አልፎ ወደ ገሳይና ወደ ደብረ ታቦር መጣ። ደብረ ታቦርም ራስዋ በዚያው ሰሞን ከባድ መሣሪያ ተተኩሶባት ሰው ሞቶባታል።

ወቅቱን ልብ በሉ። ፍልሰታ ነበር፤ ክረምት ነበር። በነሐሴ የደጋው ገበሬ ጎተራ ይጎድላል፤ አዲሱ ገብስ ገና አልደረሰም፤ ቤተ ሰቡ የሚተማመነው ይበልጡን በድንች ነው። ከጎደለው ጎተራ ለማያውቁት ሰው ሽሮና ንፍሮ ማካፈል ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የአገራችን ሰው በደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለው መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ መመለስን ከአባቶቹ ተምሮአል። እግሩን ያጥበዋል፤ መደብ ይለቅለታል፤ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ከበላ በኋላ ነው። ይህ ልማድ የሚያስመሰግነን ነው።

ነገር ግን ልማዳችን የተሠራው ለሚያድር እንግዳ ነው እንጂ ለሚሰነብት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የእመቤቲቱ ዱቄት ያልቃል፤ በሁለተኛው ወር ልጆች በመኝታ ይጣላሉ፤ እንግዳውም ይህን እያየ አንገቱን ይደፋል። በዚህ ጊዜ ቸር የነበረው ቤተ ሰብ ክፉ ሆነ ማለት አይቻልም፤ ብቻውን ቀረ እንጂ። ሸክሙ ከአንድ ቤት ወደ ደብሩ መተላለፍ ያለበት ይህን ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለንም ይኸው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ምሳሌው በራሳችን አገር አለ። ጋይንት የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው የቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕትም ምስክር የሆነችው የዙር አባ አገር ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደበሎውን ለብሶ የመጣ ተማሪ ዘመድ ሳይኖረው ዓመታት ይቀመጣል። የጎጆ መሥሪያ ይሰጠዋል፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ አያጣም፤ ከአንድ ቤት ብቻ ስለማይበላ ማንንም አያስመርርም። ከዚህም ይልቅ በደብሩ ሥራ አለው፤ በማኅሌቱ ይቆማል፤ ከሰነበተም ተምሮ ያስተምራል። ይህ እንግዳን የማቆየት ሥርዐት እንጂ ሌላ ምንድር ነው? ለቀለም ተማሪው ያወቅንበትን ለአራሹና ለሸማኔው፣ ልጅ ይዛ ለመጣችውም እናት ለምን አናውቅበትም? (ጨክነንም እንጠይቅ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ከትግራይ የመጣ የድጓ ተማሪ በጋይንት ደጅ ቢቆም የቀድሞውን መልስ ያገኛልን? በትግራይ ደብርስ የጋይንቱ ልጅ?)

በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ መሠረት በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ አለ። ይህ ጉባኤ የጣራ ቆርቆሮ የሚገዛውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ በአጥቢያው የተጠጉትን ሰዎች ቍጥር ቢያውቅ መልካም ነው። ማን በማን ቤት እንዳለ ካወቀ፣ ሰንበቴው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያወጣውን እንጀራና ጠላ ለማን እንደሚልክ ይታወቃል፤ በየወሩ ዝክር የሚያወጣ ማኅበርም ከተረፈው ሳይሆን ከሚያስቀድመው ያካፍላል። አናጢ ከመጣ አናጢነቱ ይነገርለት። ሥራ ያገኘ እንግዳ ራሱን ቀና አድርጎ ይሄዳልና።

ዕድርን በሚመለከት ግን የምንናገረው ብዙ ነው። በከተሞቻችን አዲስ ገቢ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ነባሩ አባል ባለፉት ዓመታት ካዋጣው ጋር እንዲስተካከልም የሚያደርጉ ዕድሮች አሉ። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ዕድር የሌለው ሰው ደግሞ ሕፃን ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳ የሚሸከምለት የለውም። የንስሐ አባቶች የዕድር ዳኞችን ቢለምኑና ለስደተኛው የመመዝገቢያው ገንዘብ ቢቀርለት፣ ወርኃዊውን መዋጮ እንደ አቅሙ ቢከፍል፣ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ሥራ ይሆናል።

የመጣው ሰው ኦርቶዶክሳዊ ባይሆንስ የሚል ይኖራል። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሰዎች ወደ አማራ ክልል ገብተዋል፤ የሚበዙትም እስላሞች ናቸው። በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሳሉ የታጠቁ ሰዎች ዘረፏቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ትተው በዱር ዳር ሰፍረው ነበር። ይህን ስንሰማ ማፈር ይገባናል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ ሱዳን የተሻገሩትን 60 ሺህ ያህል ሰዎች የተቀበለችው ይህችው ሱዳን አይደለችምን? የጥንቱም የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ በ615 ዓመተ እግዚእ ገደማ ከመካ የተሰደዱትን እስላሞች ሲያስጠጋ ሃይማኖታቸውን የመጠጊያ ዋጋ አላደረገባቸውም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም የስደተኞችንና የተመላሾችን ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለው፤ በዚያ ክፍል የሚረዱት ኦርቶዶክሳውያን ብቻ አይደሉም። የተራበን ሰው በእንጀራ ወደ ጥምቀት መሳብ እንግዳ መቀበል አይባልም።

በመጨረሻ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር እንናገር። ስደተኛ ድንገት ሲሞት ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ይጠይቃል፤ አብሮት የሚያድረው ጎረቤት የሚያውቀው ግን የመጠሪያ ስሙን ብቻ ነው። የሚያውቁት ዘመዶቹ በየአገሩ ተበትነዋል። ስለዚህ የሰበካው ጸሓፊ መዝገቡን ሲከፍት ከመጣበት አገር፣ ከሥራውና ከልጆቹ ቍጥር ጋር የእያንዳንዱን የክርስትና ስም በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ጠይቆ ይጻፍ።