መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የት ይደርሳል?

መርፌ የተወጋ በሽተኛ፥ መድኃኒቱ ከደሙ ስለ ገባ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኛም እስክንመረምረው ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ከሕዋሱ ውስጥ ካልገቡ በቀር አይጠቅሙም። ብቻቸውን ቢላኩ በመንገድ ስለሚፈርሱም፥ ሊቃውንቱ ናኖ ቅንጣት በሚሏት የስብ ጠብታ ተሸፍነው ይላካሉ። የአንዷ ስፋት 100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ላይ 10,000 ያህል ሊደረደሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር በሕያው ሕዋስ ውስጥ እንዴት ይከተሉታል? ተራው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን መልኩን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ በቅንጣቷ ላይ የሚያበራ ቀለም ያደርጉባታል። ሌሊት ከማዶ ተራራ ፋኖስ ይዞ የሚወርደውን ሰው ፊቱን ባናይም መንገዱን እናውቃለን፤ እነርሱም ብርሃኑን እየተከተሉ በተከታታይ ፎቶግራፍ ያነሣሉ።

ፋኖሱ ግን ሰውየው ከደጅ ይሁን ከቤት ውስጥ አይነግረንም። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። ሕዋሱ ቅንጣቷን በገዛ ሽፋኑ ጠቅልሎ በትንሽ ከረጢት ይውጣታል። ከረጢቱ ወደ ውስጥ በተጓዘ ቁጥር አሲዱ እየበረታ ይሄዳል፤ መጨረሻውም የተዋጠው ሁሉ ከሚፈጭበት ስፍራ ነው። መድኃኒቱ ከዚያ ሳይደርስ ሾልኮ መውጣት አለበት።

በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ያሉ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መረመሩ። መድኃኒቱ አጭር አር ኤን ኤ ነበር፤ በእርሱም ላይ ደቃቅ የወርቅ ፍሬ አስረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። በዚህ መሣሪያ ሕዋሱ በሕይወቱ አይታይም፤ ደርቆ በስሱ ተቈርጦ ነው። ወርቁ ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ከከረጢቱ ውስጥ ወይም ከውጭ መሆኑን ይለያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ያመለጠው ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ባየን ጊዜ የማተሚያ ስሕተት መስሎን ደግመን አነበብነው።

መጠኑን አብዝቶ መስጠት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን የተሸካሚው ስብ ሲበዛ ራሱ ሕዋስን ይጐዳል። የሚሻለው የማምለጫውን በር ማስፋት ነው። ማምለጡም የሚሆነው በጉዞው መካከል፥ አሲዱ ከበረታ በኋላ መፍጫው ስፍራ ሳይደረስ፥ በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ጥቂቱም ቢሆን ከንቱ አልሆነም። በ2018 ዓ.ም. ፓቲሲራን የተባለው መድኃኒት ነርቭን ለሚጐዳ አንድ የዘር በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህም በስብ ቅንጣት ተጭኖ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ያመለጠችው አንዲት አር ኤን ኤ በሽታ አምጪውን ፕሮቲን የሚያሠራውን መልእክት ደጋግማ ስለምታስቈርጥ፥ በሽተኛው መድኃኒቱን የሚወስደው በየ3 ሳምንቱ አንድ ጊዜ ነው።