መኪና ሲቀባ የመስታወቱ ጎማ ምን ይሁን?

ደብተርና እርሳስ አቅርባችሁ እንደሆነ እንጀምር። የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ቀለም ነው። መኪና የለኝም ብላችሁ ሬዲዮኑን አትዝጉ። ከመካከላችሁ ጋራዥ የሚሠራ አለ፤ ታክሲ ነድቶ ልጆቹን የሚያሳድግም አለ።

ቀለሙ ያረጀ መኪና ጋራዥ ይገባል። ባትላሜራው የተጎዳውን ቆርቆሮ ያቃናል። ቀለም ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ ከዚያ ቀለሙን ይነፋል። መስታወቱን የያዘው ጥቁር ጎማስ? ብዙ ጊዜ በፕላስተር ይሸፈንና ዙሪያው ይቀባል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ዋጋውም ይረክሳል። መኪናው ሲወጣ አዲስ ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው።

ለምን? ብርጭቆ ወረቀቱ ከጎማው ከንፈር ሥር አይገባም። እዚያ ያለው አቧራ፣ ቅባትና ዝገት እንዳለ ይቀራል። ቆሻሻ ላይ ደግሞ ቀለም አይይዝም። ሌላም አለ። ጎማ ይለጠጣል፤ የደረቀ ቀለም ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ቆርቆሮውና ጎማው የሚገናኙበት ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከጎማው ሥር ይተኛል። ዝገቱ ከሥር ሆኖ ቀለሙን እየገፋ ይመጣል። ጠርዙ ከተበላ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይወርዳል፤ ወለሉንም ይበላዋል። ያን ጊዜ ወጪው የቀለም ብቻ አይደለም። ቆርቆሮ ቆርጦ መበየድ ይመጣል።

ቮልስን እንውሰድ። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ አገር የምናየው አብዛኛው ከዚያም በጣም የቆየ ነው። መስታወቱን የያዘው ጎማ ብቻ ስለሆነ ይወጣል። መጀመሪያ በጎማው ላይ ኒኬል ካለ እሱ ይነሣል፤ ቀጭን ነውና ቶሎ ይታጠፋል። ከዚያ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ በመዳፉ ቀስ እያለ ይገፋል። ሌላው ከውጭ ይቀበላል። በካቻቢቴ መፈልቀቅ መስታወቱን ይሰብራል። ጎማው ደርቆ ከሆነ በቢላዋ ቆርጦ ማውጣትና አዲስ መግዛት ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ አይበጅም።

የወጣው ብሎን፣ መያዣና ኒኬል በየከረጢቱ ይገባል። በላዩም «የግራ በር»፣ «የቀኝ በር»፣ «የፊት መስታወት» ተብሎ ይጻፋል። ፊደል የቆጠረ የጋራዥ ልጅ እዚህ ላይ ይፈለጋል!

ጠርዙ እስከ ብረቱ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል፤ ቀጥሎ ቀለሙ። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ጎማው አይመለስ፤ ይጣበቃል። ሲመለስ ጎማው መጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል። ቆርቆሮውን በሚይዘው ቦይ ውስጥ ሲባጎ ይዞራል። ጎማው በሳሙና ውሃ ይርሳል። አንዱ ከውጭ ይጫናል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል። የጎማው ከንፈር ተገልብጦ ቆርቆሮውን ይነክሳል። እንዲያልጥ ብላችሁ ዘይት ወይም ቤንዚን አትቀቡ፤ ጎማውን ያሳብጡታል።

ገንዘብ ካነሰስ? መስታወቱ ሳይወጣ፣ ወፈር ያለ ሲባጎ ከጎማው ከንፈር ሥር ይሰገሰጋል። ከንፈሩ ቀና ስለሚል ብርጭቆ ወረቀቱም ቀለሙም ትንሽ ወደ ሥር ይገባሉ። እንደ መንቀል አይሆንም፤ ከፕላስተር ብቻ ግን ይሻላል። በአዳዲስ መኪኖች የፊት መስታወቱ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። እሱን ለባለሙያው ተዉት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «የመስታወቱ ጎማ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተፍቆ ይቀባል። የደረቀ ጎማ በአዲስ ይተካል። ዋጋው ይህን ይጨምራል።» ባለመኪናውም ባለጋራዡም ይፈርሙ። መኪናውን ስትረከቡ አንድ ጀሪካን ውሃ በመስታወቱ ዙሪያ አፍስሱ። ከዚያ ገብታችሁ ምንጣፉን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ጎማው እንደገና እስኪገጠም ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ።